በወርቅ ዘለላ የውሃን መርዝ ስለ መለየት፤ ከጉለሌ ወንዞች አንጻር የቀረበ ሒስ

ባለፈው ሴሚስተር በአንድ የኬሚስትሪ ሴሚናር ላይ አንድ የአራተኛ ዓመት ጓደኛችን ጥናቱን ሲያቀርብ የክፍሉ መብራት እንዲጠፋ ካደረገ በኋላ፣ ባንክ ቤት የብር ኖት ለመመርመር የሚያገለግለውን ዓይነት የአልትራቫዮሌት መብራት አብርቶ ሁለት ትናንሽ ጠርሙሶች አሳየን። አንደኛው እንደ ፍም ቀላ፤ ሁለተኛው ጨለማ ሆኖ ቀረ። በሁለቱም ውስጥ ያለው ፈሳሽ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በሁለተኛው ላይ ጥቂት የባዜቃ ጨው መጨመሩ ብቻ ነው። ተሰብሳቢው አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብሁ። በጥያቄው ሰዓት ግን ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አረጋዊ የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ «ልጄ፣ የሞከርኸው ውሃ ከየት የተቀዳ ነው?» ብለው ጠየቁ። «ከቧንቧ ነው፣ ጋሼ» አለ። ሌላ ጥያቄ ስላልነበረ ስብሰባው ተበተነ።

ይህን ሐተታ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ አጭር መልስ ነው። የጓደኛችን ሥራ በጥንቃቄ የተሠራ ስለ ሆነ ነቀፋዬ በእርሱ ላይ አይደለም። ነቀፋዬ እርሱ አርአያ አድርጎ በተከተላቸው፣ ከ15 ዓመት በላይ በውጭ አገር መጽሔቶች ላይ እንደ አሸን በፈሉት ጽሑፎች ልማድ ላይ ነው። እነዚህ ጽሑፎች «የወርቅ ዘለላ መርዛም ብረታ ብረትን በውሃ ውስጥ ይለያል» ይሉናል። በየትኛው ውሃ ውስጥ? ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ሊመለስ ሲገባው ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ በአንዲት ሠንጠረዥ ብቻ ይታለፋል።

ለሌላ ክፍል ተማሪዎች ሲባል ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በጉትቻ ወይም በቀለበት ውስጥ ያለ ወርቅ ኤሌክትሮኖቹ እንደ ልባቸው የሚዘዋወሩበት ሰፊ ሜዳ ነው። ወርቁ እየተከፋፈለ ሄዶ ጥቂት አሥር አቶሞችን ብቻ የያዘ፣ ስፋቱም ከሁለት ናኖሜትር ያነሰ ዘለላ የሆነ እንደ ሆነ ግን ሜዳው ይጠብና ኤሌክትሮኖቹ እንደ መሰላል በተለያዩ እርከኖች ላይ ብቻ እንዲቆሙ ይገደዳሉ። በዚህ ጊዜ ዘለላው ለዓይን የማይታየውን የአልትራቫዮሌት ብርሃን ተቀብሎ በሌላ ቀለም መልሶ ይሰጣል፤ ፍሎረሰንስ የሚባለውም ይኸው ነው። ዘለላዎቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ተራ የወርቅ ብናኝ እንዳይሆኑ ሽፋን ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ብርን በዲ.ኤን.ኤ. ሸፍነው ያበሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በሲንጋፖር የሚሠሩት ጂያንፒንግ ሺየ፣ ዩአንጋንግ ዤንግና ጃኪ ዪንግ ከከብት ደም በሚገኘው አልቡሚን 25 የወርቅ አቶሞችን የያዘ ቀይ የሚያበራ ዘለላ ሠሩ።

የአሠራሩን ቅለት ሳላደንቅ ባልፍ ፍርዴ ሚዛን ይጎድለዋል። አምስት ሚሊሊትር የወርቅ ጨው ውሁድ፣ አምስት ሚሊሊትር የአልቡሚን ውሁድ፣ ግማሽ ሚሊሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፤ ከዚያ በሰው ገላ ሙቀት፣ ማለትም በ37 ዲግሪ፣ ለ12 ሰዓት ማስቀመጥ ነው። ለዚህ የሚፈጀው ወርቅ 10 ሚሊግራም ያህል ነው። ሁለት ግራም የምትመዝን ጉትቻ፣ ንጹሕ ወርቅ ብትሆን፣ ለ200 ጊዜ በበቃች ነበር። ሌሎች ደግሞ በአልቡሚኑ ፈንታ የዶሮ እንቁላል ነጩን ክፍል ተጠቅመው እንደሚቻል አሳይተዋል። የመሣሪያ እጥረት ለሚያስጨንቀን ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጓደኛችን ይህን መንገድ መምረጡም የሚያስመሰግነው ነው።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ እነዚያው የሲንጋፖር ሰዎች ይህ ብርሃን የባዜቃ አዮን ሲነካው እንደሚጠፋ አስታወቁ። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ በዘለላው ገጽ ላይ ያለው የወርቅ አዮንና የባዜቃው አዮን የኤሌክትሮን አደረጃጀታቸው ተመሳሳይ ስለ ሆነ አጥብቀው ይሳሳባሉ፤ ዘለላው የተቀበለው ኃይልም በብርሃን መልክ ሳይወጣ ይባክናል አሉ። ዝቅተኛው የመለያ ልክም ግማሽ ናኖሞላር ነው ተባለ። ኬሚስትሪው ያምራል፤ እውነትም ነው። ሙግቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚያው በ2010 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ በአልቡሚን የተሸፈነ የወርቅ ዘለላ ይዘው የሳያናይድ መለያ ነው ብለው አሳተሙ። በ2011 ደግሞ ሌሎች የመዳብ መለያ ነው አሉ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ለብቻው ሲነበብ እንከን አይወጣለትም፤ እያንዳንዱም በሠንጠረዡ ላይ ሌሎች አዮኖች ብርሃኑን እንደማይነኩት ወይም እንዳይነኩት ማድረግ እንደሚቻል ያሳያል። ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ ግን ምን ይበል? ፍርድ ቤት ቀርቦ ሰኞ በከበደ ላይ፣ ማክሰኞ በአበበ ላይ፣ ረቡዕ በተሰማ ላይ በዚያው ወንጀል የሚመሰክርን ሰው የትኛው ዳኛ ይቀበለዋል? ብርሃን መጥፋቱ አንድ ነገር እንደ ተፈጠረ ይነግረናል። ማን እንዳጠፋው ግን በራሱ አይነግረንም። የመዳቡን እጅ ለመያዝ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የሚባለውን ቅመም መጨመር ይቻላል፤ ይህም የሚሠራው አጥፊው መዳብ መሆኑን አስቀድመን የጠረጠርን እንደ ሆነ ነው።

እንግዲህ ወደ ጉለሌ እንምጣ። ጉለሌን የመረጥሁት ከእንጦጦ ግርጌ ስላለና የከተማይቱ ወንዞች ገና ምንጭ ሳሉ የሚታዩበት ክፍል ስለ ሆነ ነው። ደግሞም ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ግቢ የሚገኘው በዚሁ ነው፤ ስለ ውሃና ስለ ጤና ሊነገር የሚገባው ነገር ከዚህ ቢጀመር አያስገርምም። ከእንጦጦ ተዳፋት የሚወርዱት እንደ ቀጨኔና እንደ ቀበና ያሉት ጅረቶች በመንደሩ መካከል ሲያልፉ ልብስ ይታጠብባቸዋል፣ የጋራዥና የላቫጆ እጣቢ ይገባባቸዋል፣ የመጸዳጃ ፍሳሽም አይቀርላቸውም። ከዚያ ወደ ደቡብ ወርደው ወደ አቃቂ ወንዝ፣ በአባ ሳሙኤልም በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በመንገዳቸው ላይ የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አሉ፤ የጎመንና የሰላጣ መደቦችም አሉ።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ታምሩ ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ2001 «ሲኔት» በሚባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ላይ ያለ ቁጥጥር የሚጣለው ቆሻሻ በአዲስ አበባ የገጸ ምድር ውሃ ላይ ስላደረሰው ጉዳት ጽፈዋል። ፍሥሐ ኢታና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት በከተማይቱ በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ያለውን ብረታ ብረት ለክተው አሳትመዋል። በእነዚህና በኋላ በወጡት ጥናቶች ውስጥ ተደጋግመው የሚነሡት ስሞች ክሮሚየም፣ እርሳስ፣ ካድሚየምና የመሳሰሉት ናቸው። ባዜቃ የእነዚህ ወንዞች ዋና ክስ ሆኖ አልቀረበም። የወርቅ ዘለላ ጽሑፎች ስለ ባዜቃ የሚጽፉት ወርቅ ባዜቃን ስለሚወድ ነው እንጂ ወንዙ ባዜቃ ስላለበት አይደለም። በሽተኛው ሆዱን ሲያመው ሐኪሙ የዓይን መነጽር የሚለካው፣ ያለው መሣሪያ የዓይን ስለ ሆነ ነውን?

«ለክሮሚየምም ዘለላ ተሠርቷል» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን እንዴት እንደሚሠራ ልብ ብለን እንመልከት። ቆዳ ለማልፋት የሚጠቀሙበት ክሮሚየም ሦስት ቫሌንስ ያለው ነው፤ ይበልጥ መርዛማው ግን ባለ ስድስቱ ነው። ባለ ስድስቱ በክሮሜት መልክ ሲገኝ ውሃውን ቢጫ ያደርገዋል፤ ለዘለላው ማብሪያ የተዘጋጀውንም የአልትራቫዮሌት ብርሃን ራሱ ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ በብዙዎቹ ሙከራዎች ዘለላው የሚደበዝዘው ክሮሚየሙ ነክቶት ሳይሆን ክሮሚየሙ ብርሃኑን በመንገድ ላይ ስለ ቀማው ነው። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ይህ ጥሩ መለኪያ ሊሆን ይችላል። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠል ረግፎ የተዘፈዘፈበት ውሃ ግን ራሱ ሻይ ይመስላል፤ ከቅጠሉ የሚወጣው ታኒንም እንደ ክሮሜቱ አልትራቫዮሌትን ይውጣል። አንድም ግራም ክሮሚየም ሳይኖር ዘለላው «ክሮሚየም አለ» ብሎ ይጮኻል ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ በተለምዶ ኦሞ የምንለው የዱቄት ሳሙና ብዙውን ጊዜ ልብስን ነጭ የሚያስመስል፣ በዚያው መብራት ሥር ሰማያዊ የሚያበራ ቅመም አለበት። ልብስ የታጠበበት ጅረት ዘለላው ገና ሳይገባበት ራሱ ብርሃን አለው። ቀዩን ከሰማያዊው የሚለይ መሣሪያ ያለው ሰው ይህን ሊያስተካክል ይችላል፤ በዓይኑ ብቻ የሚፈርድ ግን ይሳሳታል። «መሣሪያ ሳያስፈልግ በዓይን የሚታይ» የሚለው የእነዚህ ጽሑፎች ትልቁ ማባበያ ደግሞ ያው ዓይን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምቃወመው «እውነተኛ ናሙና» የሚለውን ክፍል ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከቧንቧ ወይም ከሐይቅ ውሃ ይቀዳል፤ በማጣሪያ ይጣራል፤ ከዚያም መጠኑ የታወቀ የባዜቃ ወይም የእርሳስ ጨው ይጨመርበታል፤ ወዲያው ይለካል፤ ከተጨመረው ውስጥ 97 ወይም 103 በመቶ ተመልሶ ተገኘ ተብሎ ይጻፋል። ይህ ጌሾውን ራሱ ጨምሮ ጠላውን ሳይሆን የጨመረውን ጌሾ ቀምሶ «ጠላው ጥሩ ነው» እንደሚል ሰው ያለ ነው። ጨው ሆኖ አሁን የገባ አዮን በውሃ ውስጥ ብቻውን እየተንሳፈፈ ዘለላውን ያገኘዋል። በወንዝ ውስጥ ወራት የቆየ እርሳስ ወይም ክሮሚየም ግን አብዛኛው ከሸክላ አፈር፣ ከብረት ዝገትና ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ተጣብቆ ከደለሉ ጋር ነው የሚጓዘው። ማጣሪያው ይህን ደለል ይዞ ያስቀረዋል፤ ተመራማሪውም ማጣሪያውን ይጥለዋል። የጣለው ደለል እኮ በመስኖ ገብቶ የሰላጣው መደብ ላይ የሚቀመጠው፣ ቅጠሉም ላይ የሚለጠፈው ነው!

የመጸዳጃ ፍሳሽ ያለበት ውሃ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ሰልፋይድ ይገኛል፤ ድኝና ባዜቃ ሲገናኙ ደግሞ ከወርቁ ይልቅ አጥብቀው ይያያዛሉ። ስለዚህ መርዙ እያለ ዘለላው በደስታ መቅላቱን ይቀጥላል። ባሕር ዛፉ በሐሰት ያስደነግጠናል፤ ሰልፋይዱ በሐሰት ያረጋጋናል። ከሁለቱ የምፈራው ሁለተኛውን ነው። በሐሰት የተደናገጠ ሰው ናሙናውን ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ልኮ ስሕተቱን ያገኘዋል። በሐሰት የተረጋጋ ሰው ግን ናሙናውን ደፍቶ ይሄዳል፤ ውሃውን የምትጠቀም ሴት ደግሞ «ተመርምሯል» ተብላ ትቀራለች። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው እንዲሉ።

አሁን ስለ ዝቅተኛው የመለያ ልክ እሽቅድምድም ጥቂት ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው የባዜቃ መጠን 6 ማይክሮግራም በሊትር ነው። የሲንጋፖሩ ግማሽ ናኖሞላር ወደ 0.1 ማይክሮግራም በሊትር ስለሚጠጋ ከተፈቀደው 60 ጊዜ ያህል ያነሰ መጠን መለየት ይችላል ማለት ነው። ይህ ሳይበቃ ከዚያ ወዲህ ፒኮሞላር ደረስን የሚሉ መጡ። ለእርሳስ የተፈቀደው 10 ማይክሮግራም ሲሆን ይህ ወደ 48 ናኖሞላር ነው፤ ለጠቅላላው ክሮሚየም 50 ማይክሮግራም ሲሆን ይህም ወደ 960 ናኖሞላር ይደርሳል። እንግዲህ የጉለሌ ጅረት የሚጠይቀን ጥያቄ ይህን ያህል ረቂቅ ዓይን አይፈልግም። ጭቃ፣ ሳሙናና ቅጠል እያለ መቶና ሺህ ናኖሞላርን ሳያምታታ የሚያይ ዓይን ይበቃዋል። ልኩ ራሱ የሚወጣበት መንገድም ያሳዝናል። ምንም ያልተጨመረበት ባዶ ናሙና ደጋግሞ ይለካል፤ የመዋዠቁ መጠን በሦስት ተባዝቶ ለመስመሩ ተዳፋት ይካፈላል። ባዶው ናሙና የተጣራ ውሃ ከሆነ ብዙ አይዋዥቅም፤ ስለዚህ ልኩ ትንሽ ሆኖ ይወጣል። ባዶው ናሙና ከእንጦጦ ሥር ገና መንደር ሳይገባ የተቀዳ የጅረት ውሃ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ስንት እጥፍ ያድግ ነበር? ይህን የሚነግረን ሠንጠረዥ ብዙ አላየሁም፤ ቁጥሩ ቢያድግ ጽሑፉን የሚያሳንሰው የሚመስላቸው ብዙዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔ ግን ባድግ ቁጥር የበለጠ አምነዋለሁ።

የዘለላው ወዳጆች የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1955 አውስትራሊያዊው አለን ዋልሽ መንገዱን ካሳየ ወዲህ መመኪያችን የሆነው የአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ ውድ ነው፤ ለየብረቱ የተለየ መብራት ይፈልጋል፤ ጋዝ ያልቅበታል፤ ሲበላሽም መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው። ናሙና ይዞ ወረፋ የጠበቀ ተማሪ ሁሉ ይህን ያውቃል። መቶ ጠርሙስ ተቀድቶ አሥሩን ብቻ መለካት ቢቻል፣ የትኞቹ አሥር እንደሚቀድሙ የሚነግር ርካሽ ወንፊት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ይህን ክርክር እቀበለዋለሁ፤ እንዲያውም ለዘለላው ከቀረቡት ክርክሮች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። ነገር ግን ወንፊት የሚፈተነው በቀዳዳው ጥበት ብቻ አይደለም፤ እንክርዳዱን አሳልፎ እንደ ሆነም ይታያል። ጓደኛችን ያሳየን ግራፍ ቀጥተኛ መስመር ነበር፤ ያመለጡት መጥፎ ናሙናዎች ቁጥር ግን የለበትም። ሊኖርበትም አይችልም፤ መጥፎ ናሙና አልቀመሰምና። የከተማይቱ የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ የተዘጋጀ ስለ ሆነ፣ በዚህ ውሃ የተፈተነ መለያ ማለት ፈተናውን ራሱ ያወጣና ራሱ ያረመ ተማሪ ማለት ነው።

በዚሁ ክፍል ሥራውን መቀጠል የሚፈልግ ካለ እንዲህ ቢያደርግ ብዬ አስባለሁ። አንዱን ጅረት፣ ቀጨኔን ቢሆን መልካም ነው፣ ከላይ ከእንጦጦ ሥር፣ ከመካከል ከመንደሩ ውስጥ፣ ከታችም ጋራዦቹን ካለፈ በኋላ ይቅዳ። በበጋ አንድ ጊዜ፣ በሰኔ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲወርድ ሌላ ጊዜ ይድገመው። እያንዳንዱን ጠርሙስ ለሁለት ይክፈል፤ አንዱን ሳያጣራ በናይትሪክ አሲድ አፍልቶ በአቶሚክ አብዞርፕሽን ይለካው፣ ሌላውን በዘለላው ይፈትነው። ዘለላውን የሚያየው ሰው የሌላውን ውጤት አስቀድሞ እንዳያውቅ ጠርሙሶቹ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍ። መስመሩንም በተጣራ ውሃ ሳይሆን በራሱ በጅረቱ ውሃ ላይ መጠኑ የታወቀ ጨው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ያውጣው። ይህ ሁሉ ከጓደኛችን ሥራ ይልቅ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጫማ ማበላሸት ግን ይጠይቃል። ሁለቱ ውጤቶች ያልተስማሙባቸውን ጠርሙሶች ሳይደብቅ ከነምክንያታቸው ቢያሳትምልን፣ ዘለላው በዚያ ውሃ ባይሠራ እንኳ ጽሑፉ ለዚህ ቡሌቲን ይበቃል።

ሌላም የሚያጠራጥረኝ ነገር አለ፤ መልሱን ከመምህራኖቻችን ብሰማ ደስ ይለኛል። ደለሉን በአሲድ አሟሙቶ ብረቱን ነጻ ካወጡ በኋላ አሲዱን አስተካክሎ ለዘለላው መስጠት ይቻላል። ይህ የሚሠራ ከሆነ ያነሣሁት ዋናው ተቃውሞ ግማሹ ይወድቃል። በዚያን ጊዜ ግን «በወንዝ ዳር ቆሞ በአንድ ደቂቃ የሚለይ» የሚለው ተስፋ አብሮ ይወድቃል፤ ከአሲድ ጋር ከአፈሩ የሚወጣው ብረትም ብዙ ነው፤ ብረት ደግሞ የብዙ ዘለላዎችን ብርሃን ያደበዝዛል። ብረቱን ከእርሳሱ አስቀድሞ መለየት የሚቻልበት፣ በእኛ ላቦራቶሪ አቅም የሚሠራ መንገድ ያለው ሰው ቢኖር፣ ጓደኛችን የዘለላውን ጠርሙስ፣ እኔ ደግሞ የጅረቱን ውሃ ይዘን ለመምጣት ተስማምተናል።